የሆርሞን ቁጥር ብቻውን አይነበብም፦ ፒቱታሪ እጢን ማወቅ ለምን ይጠቅማል?

አንዲት ሴት ድካም አልለቅ ብሏታል እንበል። ሌላው ሰው ሳይበርደው እሷን ይበርዳታል። ቆዳዋ ደርቋል፣ የወር አበባዋም ከቀረ ወራት ሆኖታል። "ታይሮይድ ሊሆን ይችላል" ተብላ ቲኤስኤች የሚባለውን የደም ምርመራ አሠራች። ውጤቱ ኖርማል ነው ተባለች። እፎይ ብላ ወደ ቤቷ ሄደች። ድካሙ ግን ንቅንቅ አላለም።

ይህች ሴት የታይሮይድ ሆርሞን በእርግጥ አጥሯት ሊሆን ይችላል። ላቦራቶሪውም አልተሳሳተም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ቲኤስኤች ራሱ የታይሮይድ ሆርሞን አይደለም። ታይሮይድን "ሥራ" የሚል ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ የሚወጣው ከአንጎል ሥር ከተቀመጠችው ፒቱታሪ እጢ ነው። ፒቱታሪ ራሷ ከታመመች የትእዛዙ ቁጥር ደህና መስሎ፣ ታይሮይዱ ግን ሥራ ፈትቶ ሊገኝ ይችላል።

ይህን ዛሬ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የሆርሞን ምርመራ እንደ ድሮው ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። ሐኪም ሳያዘው ራሱ የሚያሠራም ብዙ ነው። ማኅበራዊ ሚዲያው "ኮርቲሶልሽን ቀንሺ"፣ "ቴስቶስተሮንህን ከፍ አድርግ" በሚሉ ቪዲዮዎች ተጥለቅልቋል። ሰው ወረቀቱ ላይ አንድ ቁጥር ያያል። ከፍ ብሏል ወይም ዝቅ ብሏል የሚል ምልክት ያያል። ከዚያ ወይ ይደነግጣል፣ ወይ ይረጋጋል፣ ወይ እንክብል ፍለጋ ይወጣል። ትልቁ ክፍተት እዚህ ጋ ነው ባይ ነኝ። ብዙዎቹ የሆርሞን ቁጥሮች ትእዛዙን ከሰጠው ሆርሞን ቁጥር ጋር ጎን ለጎን ካልታዩ ያሳስታሉ። አብዛኛው ትእዛዝ ደግሞ የሚያልፈው በፒቱታሪ ነው።

የት ነው ያለችው?

ፒቱታሪ የአተር ፍሬ ታክላለች። የአዋቂ ሰው ፒቱታሪ ግማሽ ግራም ገደማ ትመዝናለች። ያለችው ከአፍንጫ ጀርባ፣ በራስ ቅሉ ወለል መሃል፣ ስፌኖይድ የሚባለው አጥንት ላይ ባለ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ከላይ በቀጭን ግንድ ሃይፖታላመስ ከሚባለው የአንጎል ክፍል ጋር ተያይዛለች።

ጎረቤቶቿን ያወቀ ሰው በሽታዋን ለማወቅ አይቸገርም። ከበላይዋ፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ፣ የሁለቱ ዓይኖች ነርቮች የሚገናኙበት መስቀለኛ ቦታ አለ። በግራና በቀኝ ወደ አንጎል ደም የሚወስዱ ትልልቅ የደም ቧንቧዎችና ዓይንን የሚያንቀሳቅሱ ነርቮች ያልፋሉ። ከሥሯ አየር የያዘ ክፍተት፣ ማለትም የስፌኖይድ ሳይነስ አለ።

እጢዋ ላይ እብጠት ሲወጣ ከታች አጥንት ስላለ ብዙ ጊዜ የሚያድገው ወደ ላይ ነው። ወደ ላይ ሲያድግ የዓይን ነርቮቹን መስቀለኛ ይጫናል። እዚያ ቦታ ላይ የሚሻገሩት የጎን እይታን የሚሸከሙት ክሮች ናቸው። ስለዚህ ሰውየው ፊት ለፊቱን በደንብ እያየ፣ በግራና በቀኝ ዳር ያለውን ማየት ያቆማል። ከጎን የመጣ መኪና በድንገት ይደርስበታል። በር ሲያልፍ ትከሻው መቃኑን ይመታል። ብዙዎች ችግሩ የመነጽር ይመስላቸዋል። ለውጡ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ጨርሶ የማያስተውሉትም አሉ። የሁለቱም ዓይን የጎን እይታ እየጠበበ ከሆነ፣ ጉዳዩ ከዓይን አልፎ የጭንቅላት ኤምአርአይ የሚያስፈልገው ነው።

ከሥር ያለው ክፍተት ደግሞ ለሐኪሞች መግቢያ በር ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1907 ኦስትሪያዊው ቀዶ ሐኪም ሄርማን ሽሎፈር በአፍንጫ በኩል ገብቶ የፒቱታሪ እብጠት አወጣ። ዛሬም አብዛኛው የፒቱታሪ ቀዶ ሕክምና በዚያው መንገድ፣ በካሜራ ወይም በማይክሮስኮፕ እየታየ ይሠራል። ራስ ቅል መክፈት የሚያስፈልገው ለጥቂቶች ብቻ ነው። "የጭንቅላት ኦፕሬሽን" ሲባል ለሚርድ ሰው ይህን ማወቁ ትልቅ እረፍት ነው።

አንድ የምትመስል፣ ሁለት የሆነች

ፒቱታሪ ከውጭ አንድ ትመስላለች እንጂ ሁለት ናት። የፊተኛው ክፍል ከመላው እጢ ሦስት አራተኛ ያህሉን ይይዛል። ጽንስ ሲፈጠር ከአፍ ጣሪያ ተነስቶ ወደ ላይ የወጣ ሕብረ ሕዋስ ነው። የኋለኛው ክፍል ደግሞ ከአንጎል ወደ ታች የወረደ የነርቭ ቅጥያ ነው። ሁለቱ መሃል መንገድ ላይ ተገናኝተው ጎን ለጎን ይኖራሉ።

የኋለኛው ክፍል ሆርሞን አያመርትም። ቫዞፕሬሲንና ኦክሲቶሲን የሚመረቱት ሃይፖታላመስ ውስጥ ነው። በነርቭ ክሮች ወርደው እዚያ ይጠራቀማሉ፣ ምልክት ሲመጣ ወደ ደም ይለቀቃሉ። ሁለቱም ከ9 አሚኖ አሲዶች የተሠሩ ናቸው። የሚለያዩት በ2 አሚኖ አሲድ ብቻ ነው። ሥራቸው ግን ሰፊ ልዩነት አለው። ቫዞፕሬሲን ኩላሊት ውሃ እንዲቆጥብ ያደርጋል። ኦክሲቶሲን በምጥ ጊዜ ማህጸንን ያኮማትራል፣ ሕፃን ሲጠባ ወተቱ እንዲወርድ ያደርጋል። ቪንሰንት ዱ ቪኞ የተባለው አሜሪካዊ ኬሚስት ኦክሲቶሲንን በላቦራቶሪ መሥራት ችሎ እ.ኤ.አ. በ1955 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ከወሊድ በኋላ ደም በብዛት እንዳይፈስ እናቶች የሚወጉት መድኃኒት ይኸው ነው።

ቫዞፕሬሲን ሲጠፋ ሰው በቀን ከ10 ሊትር በላይ ሊሸና ይችላል። ጥሙም እንዲሁ አያድርስ ነው። በሽታው ዳያቤተስ ኢንሲፒደስ ሲባል ኖሯል። ከስኳር በሽታ ጋር ግን ዝምድና የለውም። ሆስፒታል ተኝተው ሳለ የስኳር ሕመምተኛ መስለው፣ ዴስሞፕሬሲን የተባለው መድኃኒታቸው ሳይሰጣቸው ቀርቶ የሞቱ ሰዎች አሉ። በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2022 ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ቡድን በሽታው "የቫዞፕሬሲን እጥረት" ተብሎ እንዲጠራ ወስኗል።

የፊተኛው ክፍል የራሱን ሆርሞኖች ያመርታል። ከሃይፖታላመስ ጋር የሚነጋገረው በደም በኩል ነው። ሃይፖታላመስ በጣም ጥቂት መጠን ያላቸውን መልእክተኛ ሆርሞኖች በግንዱ ዙሪያ ወዳሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች ይለቃል። ያ ደም ወደ ልብ ሳይመለስ ቀጥታ ፒቱታሪ ላይ ይወርዳል። እንግሊዛዊው ጄፍሪ ሃሪስ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ይህን ሐሳብ ይዞ ሲሟገት መልእክተኞቹን በእጁ ይዞ ማሳየት አልቻለም ነበር። ያን ያደረጉት ሮዤ ጊየማንና አንድሩ ሻሊ ናቸው። እየተፎካከሩ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የበግና የአሳማ አንጎሎችን አጣርተው ጥቂት ሚሊ ግራም አገኙ። እ.ኤ.አ. በ1977 ኖቤል ተሸለሙ።

መማሪያ መጻሕፍት ፒቱታሪን "የእጢዎች ሁሉ አለቃ" ይሏታል። እኔ ይህ አባባል ግማሹን ይደብቃል እላለሁ። ፒቱታሪ ከላይ ከሃይፖታላመስ ትእዛዝ ትቀበላለች። ከታች ደግሞ ያዘዘቻቸው እጢዎች ምን ያህል እንዳመረቱ ከደሙ እየለካች ትእዛዟን ትጨምራለች፣ ትቀንሳለች። ከማዘዟ ይልቅ ማዳመጧ ነው ለሕክምና የሚጠቅመን።

ቁጥሮቹን በጥንድ ማንበብ

የፊተኛው ክፍል ስድስት ዋና ሆርሞኖች አሉት። ቲኤስኤች ታይሮይድን ያዝዛል። ኤሲቲኤች ከኩላሊት በላይ ያለው አድሬናል እጢ ኮርቲሶል (ሰውነት ጭንቀትንና ሕመምን እንዲቋቋም የሚረዳው ሆርሞን) እንዲያመርት ያዝዛል። ኤልኤችና ኤፍኤስኤች የወንዱን የዘር ፍሬና የሴቷን እንቁላል ማፍሪያ ይመራሉ። የእድገት ሆርሞን አጥንትን፣ ጡንቻንና ስብን ይነካል። ፕሮላክቲን ጡት ወተት እንዲያመርት ያደርጋል።

አሁን ወደ ቲኤስኤች እንመለስ። ታይሮይድ ራሱ ሲታመምና ሆርሞኑ ሲያንስ ፒቱታሪ ይህን ሰምታ ቲኤስኤችን ከፍ ታደርጋለች። ቲ4 (ታይሮይዱ ራሱ የሚያመርተው ሆርሞን) ዝቅ፣ ቲኤስኤች ከፍ ካለ ችግሩ ታይሮይዱ ላይ ነው። ቲ4 ዝቅ ብሎ ቲኤስኤች ግን ዝቅ ካለ፣ ወይም "ኖርማል" ከሆነ፣ ችግሩ ወደ ላይ ወጥቷል። እዚህ ላይ "ኖርማል" የሚለው ቃል አደገኛ ነው። ጤነኛ ፒቱታሪ ቲ4 እንዲህ ወርዶ እያየች ዝም አትልም ነበር። ቲኤስኤች ብቻውን ከተለካ ይህ ሁሉ አይታይም። መግቢያው ላይ ለጠቀስናት ዓይነት ሴት ቲ4 አብሮ መለካት ነበረበት። የወር አበባዋ መቅረቱም ከሌሎቹ የፒቱታሪ ሆርሞኖች አንዱ እንደተነካ የሚጠቁም ነው።

የወር አበባ መቅረትም በዚሁ መንገድ ይነበባል። ኢስትሮጅን (እንቁላል ማፍሪያው የሚያመርተው ሆርሞን) ወርዶ ኤፍኤስኤች ከፍ ካለ እንቁላል ማፍሪያው ደክሟል ማለት ነው። በማረጥ ጊዜ የሚሆነውም ይኸው ነው። ኢስትሮጅን ወርዶ ኤፍኤስኤችም ሳይነሳ ከቀረ ፒቱታሪንና ሃይፖታላመስን መጠርጠር ነው። ከባድ ስፖርት፣ በጣም መክሳትና የከረመ ጭንቀት ሃይፖታላመስን ዝም ያሰኙታል።

ፕሮላክቲን ከሌሎቹ ይለያል። ሃይፖታላመስ ዶፓሚን በሚባል ኬሚካል አማካኝነት ሁልጊዜ ያግደዋል። ግንዱ ሲጎዳ ሌሎቹ ሆርሞኖች ሲቀንሱ እሱ ይጨምራል። ዶፓሚንን የሚያግድ መድኃኒት ሲወሰድም ይጨምራል። ሜቶክሎፕራማይድ የተባለው የማቅለሽለሽ መድኃኒትና አንዳንድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች ይህን ያደርጋሉ። እርግዝናም፣ እንቅልፍም፣ በመርፌ መወጋት መደንገጥ እንኳ ከፍ ያደርገዋል። አንድ ጊዜ ትንሽ ከፍ ስላለ ብቻ "እብጠት አለብሽ" ማለት ተገቢ አይደለም። በጣም ከፍ ሲል ግን ፕሮላክቲን አምራች እብጠት መኖሩ ይጠረጠራል። ከፒቱታሪ እብጠቶች ሁሉ በብዛት የሚታየው ይህ ነው። ደስ የሚለው፣ አብዛኛው ያለ ቀዶ ሕክምና ይታከማል። ካበርጎሊን የተባለው እንክብል በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ እየተዋጠ እብጠቱን ያሟሽሸዋል። ልጅ አልወልድም ብለው ተስፋ የቆረጡ ሴቶች በዚህ መድኃኒት ወልደዋል። እብጠቱ ወንዶችንም ይነካል። የወሲብ ፍላጎት መጥፋትን ወንዶች አፍረው ስለማይናገሩት፣ ብዙ ጊዜ የሚደርሱት እብጠቱ ትልቅ ሆኖ ዓይን ሲነካ ነው።

የእድገት ሆርሞን ወደ ደም የሚለቀቀው እየቆየ እየቆየ ነው። በብዛት የሚወጣው በከባድ እንቅልፍ ጊዜ ነው። በቀን መሃል በዘፈቀደ ቢለካ ስለምንም አይናገርም። ስለዚህ በእሱ ምክንያት ጉበት የሚያመርተው አይጂኤፍ-1 ይለካል። ሆርሞኑ በልጅነት ከበዛ ቁመት ያለ ገደብ ያድጋል። በታሪክ በተረጋገጠ ልኬት ረጅሙ ሰው፣ አሜሪካዊው ሮበርት ዋድሎ፣ 2.72 ሜትር ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1940 በ22 ዓመቱ ሞተ። ምክንያቱ ፒቱታሪው ነበር። አዋቂ ላይ ሲመጣ ቁመት አይጨምርም። እጅና እግር ይሰፋል፣ አገጭ ይወጣል፣ ቀለበት አልገባ ይላል፣ የጫማ ቁጥር ይጨምራል። ቤተሰብ በየቀኑ ስለሚያየው አያስተውለውም። የድሮ ፎቶ አውጥቶ ከአሁኑ መልክ ጋር ማነጻጸር ትልቅ ማስረጃ ነው።

ከውጭ የሚገባ ሆርሞን

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ፒቱታሪ ደም ውስጥ ያለው ሆርሞን ሰውነት የሠራው ይሁን ከፋርማሲ የመጣ አትለይም። በዛ ብላ ከለካች ትእዛዟን ታቆማለች።

ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታሶን የኮርቲሶል ዘመዶች ናቸው። ለአስም፣ ለቁርጥማት፣ ለቆዳ፣ ለአለርጂ ይታዘዛሉ። ሕይወት ያድናሉ። ዴክሳሜታሶን እ.ኤ.አ. በ2020 ኦክስጅን ላይ ያሉ የኮቪድ ሕሙማንን ሞት እንደሚቀንስ ሲረጋገጥ ስሙ ዓለምን አዳርሷል። ችግሩ ለወራት ሲወሰዱ ነው። ፒቱታሪ ኤሲቲኤች መላክ ትተዋለች። ትእዛዝ ያጣው አድሬናል ይኮማተራል። ሰውየው "አሁን ተሽሎኛል" ብሎ መድኃኒቱን በአንዴ ሲያቆም ሰውነቱ ኮርቲሶል የሚያመርትበት አቅም አይኖረውም። ይዝላል፣ ያስመልሰዋል፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል። ኢንፌክሽን ወይም ቀዶ ሕክምና ከተጨመረበት ሊሞት ይችላል። ከሦስት እስከ አራት ሳምንት በላይ የወሰደ ሰው በሐኪም ክትትል ቀስ እያለ መቀነስ አለበት። ስቴሮይድ (የእነዚሁ መድኃኒቶች ዓይነት) ያለባቸው ቆዳ የሚያቀሉ ክሬሞችም ሰፊ ቦታ ላይ ለረጅም ጊዜ ከተቀቡ ይህንኑ ያመጣሉ። ክሬም የምትቀባ ሴት "መድኃኒት እየወሰድኩ ነው" ብላ አታስብም። ሐኪሙ ሲጠይቃትም አትነግረውም።

ኮርቲሶልን በዘፈቀደ ማስለካትም እንዲሁ ትርፉ ድንጋጤ ነው። ኮርቲሶል ጠዋት ላይ ከፍ ይላል፣ እኩለ ሌሊት አካባቢ ዝቅ ይላል። የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል የምትወስድ ሴት ላይ ያለ በሽታ ከፍ ብሎ ይለካል። ኮርቲሶል በዝቷል ብሎ የሚጠረጥር ሐኪም የሌሊት ምራቅ ወይም የ24 ሰዓት ሽንት ያስለካል፣ ወይም ማታ 1 ሚሊ ግራም ዴክሳሜታሶን ሰጥቶ ጠዋት ፒቱታሪ ትእዛዟን መቀነሷን ያያል። "ኮርቲሶል ፊት" እያሉ በቪዲዮ በሽታ መለየት ከዚህ ጋር የሚገናኝ ነገር የለውም።

በጂም አካባቢ የሚወሰደው ቴስቶስተሮንም በዚሁ ሕግ ይሠራል። ጡንቻ ይጨምራል። ፒቱታሪ ግን ኤልኤችና ኤፍኤስኤች ማምረት ታቆማለች። የዘር ፍሬው ያንሳል፣ የወንድ ዘር ቁጥር ወደ ዜሮ ሊወርድ ይችላል። ወጣቱ ቴስቶስተሮኑን ሲያስለካ ቁጥሩ ያማረ ሆኖ ያገኘዋል። አጠገቡ ያለው ኤልኤች ዜሮ አካባቢ መሆኑን ግን ማንም አላሳየውም። ልጅ የፈለገ ጊዜ ነው ጉዱ የሚወጣው። አብዛኛው ካቆመ በኋላ ይመለሳል፣ ግን ወራት ይፈጃል፣ አንዳንዱም ከዓመት በላይ።

እናቶች ላይ የሚደርሰው

በእርግዝና ጊዜ ፒቱታሪ ታድጋለች። ፕሮላክቲን የሚያመርቱት ሴሎች ይበዛሉ። የምትፈልገው ደም ይጨምራል። በወሊድ ጊዜ ከባድ ደም ፈሶ ግፊቷ በጣም ከወረደ የፊተኛው ክፍል ደም አጥቶ ሊሞት ይችላል። እንግሊዛዊው ፓቶሎጂስት ሃሮልድ ሺሃን እ.ኤ.አ. በ1937 ስለጻፈበት የሺሃን ሲንድሮም ይባላል።

የመጀመሪያው ምልክት ወተት አለመምጣቱ ነው። ቀጥሎ የወር አበባ አይመለስም። ከዚያ ድካም፣ የብልትና የብብት ፀጉር መሳሳት፣ ብርድ፣ ድብርት ይከተላል። ሁሉም ለብቻው ምክንያት ይሰጠዋል። ወተቱ "ስላልበላች"፣ ድካሙ "ልጅ ስለምታሳድግ"፣ የወር አበባው "ዕድሜ"። እንዲህ እየተባለ ዓመታት ያልፋሉ። ከወሊድ በኋላ ደም በብዛት ፈሷት ወተት ያልመጣላት እናት ስትገኝ ፒቱታሪን ማሰብ የማንኛውም አዋላጅ ሥራ መሆን አለበት። የወሊድ ታሪክን መጠየቅ ምንም ወጪ የለውም። ሕክምናውም ያለ ነው፤ የጎደለውን ሆርሞን መተካት። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለ። ኮርቲሶልም ታይሮይድም ከጎደሉ ኮርቲሶሉ ይቀድማል። የታይሮይድ መድኃኒት ብቻውን ቀድሞ ከተሰጠ ያለችውን ጥቂት ኮርቲሶል ቶሎ ስለሚያስጨርስ እናቲቱ ራሷን ስታ ልትወድቅ ትችላለች። ቲኤስኤችና ቲ4 ብቻ አይቶ መድኃኒት መጻፍ የሚያስከፍለው ዋጋ እዚህ ላይ ይታያል።

አዲስ ምክንያትም መጥቷል። ኢፒሊሙማብን የመሳሰሉ በሽታ ተከላካይ ሴሎችን የሚያነቃቁ የካንሰር መድኃኒቶች አንዳንድ ሰው ላይ ፒቱታሪን ያስቆጣሉ። እንዲህ ዓይነት ሕክምና ላይ ያለ ሰው ራስ ምታትና ከባድ ድካም ከጀመረው "ካንሰሩ ነው" ተብሎ መታለፍ የለበትም። ኮርቲሶሉ ይታይ።

በተቃራኒው ደግሞ፣ ለሌላ ጉዳይ ኤምአርአይ ተነስቶ "ፒቱታሪህ ላይ ትንሽ ነገር አለ" የተባለ ሰው አይደንግጥ። ከአዋቂዎች ከ10 አንዱ ገደማ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ይታያል። ብዙዎቹ ከ1 ሴንቲ ሜትር ያነሱ ናቸው፣ ካንሰር አይደሉም፣ ሆርሞንም አያበዙም። ሆርሞኖቹ አንድ ጊዜ ይታያሉ፣ ከዚያ በየጊዜው መከታተል ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ጊዜ የማይሰጥ ሁኔታ ግን አለ። በድንገት የሚመጣ ከባድ ራስ ምታት፣ ትውከት፣ የዓይን ብዥታ ወይም አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ማየት አብረው ከመጡ እብጠቱ ውስጥ ደም ፈሶ ሊሆን ይችላል። ያኔ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው። ሐኪሙ ፒቱታሪን ከጠረጠረና በሽተኛው ከተዳከመ ደም ይቀዳለታል፣ ወዲያው ሃይድሮኮርቲሶን በደም ሥር ይሰጠዋል። የላቦራቶሪው ቁጥር የሚደርሰው ከመርፌው በኋላ ነው።